የትል ክኒንና የአንጎል ዕጢ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለሕክምና ትምህርት ቤቶችና ለፋርማሲ ባልደረቦቼ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያለቦታው የሳቅሁት አንድ ሳቅ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ተሳስቻለሁ፤ አብዛኛውንም በጊዜው አርሜዋለሁ። ይህኛው ግን ከነሐሴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

ማለዳ ነበር፤ ዝናቡ ገና አላባራም። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት የረጠበ ነጠላቸውን እያራገፉ ገቡና «ዶክተር፣ ሜቤንዳዞል ይኖራል?» አሉኝ። (በእኛ አገር ከባንኮኒ ጀርባ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውሁት ቆይቻለሁ።) አለ አልኳቸው። «አሥር እሽግ ይስጡኝ» አሉ። አንድ እሽግ ስድስት ክኒን ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለሦስት ቀን። አሥር እሽግ ለአሥር ሰው ይበቃል። ሳቅሁ። «ምነው እናቴ፣ ሰፈሩን በሙሉ ወስፋት ያዘው?» አልኩ። ወረፋ የያዙት ሁለት ሰዎችም አብረውኝ ሳቁ።

እሳቸው አልሳቁም። ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ፌስታሉን ቀስ ብለው ፈቱና ስልኩን በባንኮኒው ላይ ወደ እኔ አዙረው አስቀመጡት። ሜሪላንድ የምትኖር የእህታቸው ልጅ በቴሌግራም የላከችው ረጅም ጽሑፍ ነበር። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የትል መድኃኒት የጭንቅላት ዕጢን እንደሚያጠፋ አረጋግጠዋል፣ ሐኪሞች ግን ትርፍ እንዳይቀርባቸው ደብቀውታል ይላል። «ለልጄ ነው» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ሁሉንም ማውጣት አልተቻለም ብለውናል።»

ያኔ እንኳ ማቆም እችል ነበር። አላቆምሁም። ይህ የኢንተርኔት ወሬ ነው፣ የትል መድኃኒት ለትል ነው፣ ልጅዎን ሐኪም ያዘዘለትን ብቻ ይስጡት አልኳቸው። «እሺ ዶክተር» አሉና ስልካቸውን መልሰው ጠቀለሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሌላ መድኃኒት ቤት በፌስታል የተሞላ ነገር ይዘው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ፍለጋዬ የተናገርሁት እውነት መሆኑን ለራሴ ለማረጋገጥ ነበር። ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚያ ስለ ቀሪው ግማሽ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ባልቲሞር ከተማ ውስጥ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአይጦች ነው። ግሪጎሪ ሪጊንስ የሚባሉ የአንጎል ዕጢ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ከሬን ዩዋን ባይና ከሌሎች ጋር በአይጦች አንጎል ውስጥ የዕጢ ሕዋሳት እየተከሉ መድኃኒት ይሞክራሉ። በአንድ ወቅት አይጦቹ ፌንቤንዳዞል የሚባል የእንስሳት የትል መድኃኒት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ የተተከለው ዕጢ አልበቅል አለ። ለተመራማሪ ይህ ሥራ መበላሸት ነው፤ ዕጢ ከሌለ ሙከራ የለም። ሪጊንስና ባልደረቦቻቸው ግን አይጦቹን ጥለው እንደገና ከመጀመር ይልቅ ለምን ብለው ጠየቁ። በሰው ላይ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረውን የፌንቤንዳዞልን ወንድም፣ ሜቤንዳዞልን አንሥተው ግሊዮብላስቶማ በሚባለው የአንጎል ዕጢ ሕዋሳትና ዕጢ ባላቸው አይጦች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ2011 ታተመ፦ መድኃኒቱን ያገኙት አይጦች አማካይ ዕድሜ እስከ 63 በመቶ ረዘመ። በማይክሮስኮፕ ሲታይም በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉት ክሮች ፈራርሰው ነበር።

ማይክሮቲዩቡል ማለት እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ከራስ ፀጉር በሺዎች እጥፍ የሚቀጥን የሕዋስ ቧንቧ ነው። ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ያህል ነው። ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን ሁለት ሁለት እየሆነ፣ አልፋና ቤታ ተጣምረው፣ በረድፍ ይደረደራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 13 ረድፍ ጎን ለጎን ሲቆም አንድ ቧንቧ ይሆናል። ይህን ቧንቧ እንደ አጥንት የጸና አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቲም ሚቺሰንና ማርክ ከርሽነር በ1984 እንዳሳዩት፣ ማይክሮቲዩቡል ለአፍታ ያድጋል፣ በድንገት ይፈርሳል፣ እንደገና ያድጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ሲሠራ የባሕር ዛፍ መወጣጫው በአንድ በኩል እየተፈታ በሌላው በኩል እንደሚታሰረው ነው። ሕንፃው የሚያድገው መወጣጫው ስለማይረጋ ነው።

ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል እነዚሁ ቧንቧዎች ከሁለት ዋልታ ተዘርግተው መካከሉ የወፈረ፣ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ ቅርጽ ይሠራሉ። ሳይንቲስቶች ያወጡለት ስም እንዝርት ነው፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበት ያው እንዝርት። የሕዋሱን የዘር መረጃ የተሸከሙት ክሮሞሶሞች በዚያ እንዝርት ክሮች ተይዘው እኩል ለእኩል ወደየዋልታው ይጎተታሉ። ክሩን የበጠሰ፣ ወይም እንዳይፈርስ አድርጎ ያደነደነ መድኃኒት የሕዋሱን መከፈል ያቆመዋል። የካንሰር ሕዋስ ኑሮው መከፈል ስለሆነ በብዙ ነቀርሳ ላይ ከሚሰጡ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ውስጥ ስመ ጥሮቹ የሚመቱት ይህንኑ ክር ነው። ከማዳጋስካር አበባ የተገኙት ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን ቧንቧው እንዳይገነባ ይከለክላሉ። ከአሜሪካ ዛፍ ልጥ የተገኘው ታክሶል ደግሞ በተቃራኒው ቧንቧው እንዳይፈርስ ያስረዋል፤ ይህን አሠራሩን በ1979 ያሳዩት ሱዛን ሆርዊትዝ ናቸው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የሚባሉ ኬሚስት ሜይታንሲን የሚባል፣ ቱቡሊንን እጅግ በአነስተኛ መጠን የሚመታ ውሕድ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ያገኙት ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ቁጥቋጦ ነበር። የእጽዋት ሊቃውንት ማይቴነስ የሚሉት ወገን ነው፤ እኛ አጣጥ የምንለው፣ አጥር ጥግ የሚበቅለው እሾሃም ተክል ከዚሁ ወገን ነው። ሜይታንሲን ለብቻው ሲሰጥ መርዝነቱ ስለበዛ ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የእርሱ ዝርያ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተቆራኝቶ፣ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ። ይህንን ተማሪ ቤት ማንም አልነገረኝም። የቪንካ አበባን ከነማዳጋስካሩ በቃሌ ስወጣ፣ ስለ አጣጥ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። ቅሬታዬን እዚህ ላይ ትቼ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ሜቤንዳዞልም የዚሁ የክር መቺዎች ቤተሰብ አባል ነው። ትልን የሚገድለው የትሉን ቤታ ቱቡሊን ይዞ ነው። የአንጀቱ ሕዋሳት ቧንቧቸው ሲፈርስ ስኳር መሳብ ያቅታቸዋል፤ ትሉ በምግብ መካከል ተኝቶ በረሃብ ይሞታል። የእኛን ቱቡሊን የሚይዘው ላላ ብሎ ነው። በዚያ ላይ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። በትምህርት ቤት ዘመቻ አንዱን ክኒን አኝከው የሚሮጡ ልጆች ምንም የማይሆኑት ለዚህ ነው። መጠኑ ሲበዛና በደም ውስጥ ሲጠራቀም ግን የሰውንም ክር መያዝ ይጀምራል። የቴሌግራሙ ጽሑፍ ካልነገራቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው፤ ዕጢውን የሚመታው ያው እጅ ጉበትንና መቅኔንም ሊነካ ይችላል።

የጭንቅላት ዕጢ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ደግሞ አለ። አንጎል በደም ሥሮቹ ዙሪያ ጥብቅ አጥር አለው፤ ከደም የመጣውን ሁሉ አያስገባም። ታክሶል በጡትና በኦቫሪ (በሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰር ላይ ድንቅ ሥራ ሲሠራ፣ አንጎል ደጃፍ ላይ ሲደርስ የአጥሩ ጠባቂ ፕሮቲኖች መልሰው ወደ ደም ይተፉታል። ቪንክሪስቲንም በደንብ አያልፍም። ይህም ሆኖ ለአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተደባልቆ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፤ ለታማሚው የሚተርፈው አንዳንዴ የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው፤ የነርቭ ረጃጅም ክሮችም ጭነታቸውን የሚያመላልሱት በእነዚሁ ቧንቧዎች ላይ ነውና። ኒው ዮርክ ውስጥ የሚገኘው የፋይንስታይን የምርምር ተቋም ቡድን በ2017 ባሳተመው ሥራ ቪንክሪስቲንንና ሜቤንዳዞልን በአይጥ አነጻጽሯል። ቪንክሪስቲን ዕጢው ላይ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር፣ ሜቤንዳዞል የአይጦቹን ዕድሜ አራዘመ።

ሜቤንዳዞል አጥሩን ያልፋል፤ ግን ሁሉም ሜቤንዳዞል አይደለም። ለባልደረቦቼ ይህን በቅርብ ላሳያቸው እወዳለሁ። ይህ መድኃኒት በሦስት ዓይነት ክሪስታል ይገኛል፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። ኬሚካሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ነው። ስኳር በዱቄትና በጠጠር እንደሚሸጠው አድርጋችሁ አታስቡት፤ ልዩነቱ ከዚያ የጠለቀ ነው። የሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት፣ በአይጦች ላይ ሲ የተባለው ወደ አንጎል በደንብ ሲገባ፣ ኤ ብዙም አልረዳም፣ ቢ ደግሞ መርዝነቱ በዛ። የሲ ዓይነት ሙቀትና እርጥበት ባለበት፣ በተለይ ትንሽ ኤ ከተቀላቀለበት፣ ወደ ኤ ሊለወጥ ይችላል። ያቺ እናት ከመንገዱ ማዶ የገዙት ክኒን የትኛው ነው? እኔ መደርደሪያ ላይ ያለው የትኛው ነው? እሽጉ ላይ አልተጻፈም። ለወስፋት ቢሆን ብዙም ባልተጨነቅሁ።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ግሊዮብላስቶማ በአዋቂ ሰው ላይ ከሚወጡ የአንጎል ዕጢዎች ሁሉ ክፉው ነው። የተሻለው ሕክምና የቆመበት ምሰሶ በ2005 የታተመው 573 ታማሚዎች የተካፈሉበት ጥናት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጨረር ብቻ የታከሙት መካከለኛ (ሚዲያን) የመኖር ጊዜ 12.1 ወር ሲሆን፣ ቴሞዞሎማይድ የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የተጨመረላቸው 14.6 ወር ሆነ። ሁለት ወር ተኩል ነው፤ ለእናት ሁለት ወር ተኩል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሞክሮ ጥቂት ተገኝቷል።

ሜቤንዳዞልን በተመለከተ ሆፕኪንስ ውስጥ 24 አዲስ ታማሚዎች ከቴሞዞሎማይድ ጋር ወሰዱት፤ ውጤቱ በ2021 ወጣ። መጠኑ ከፍ እየተደረገ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 200 ሚሊግራም ደረሰ። እርሳሴን አንሥቼ አሰላሁት፦ ስድሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12,000 ሚሊግራም፤ በእኛ ባለ 100 ሚሊግራም ክኒን 120 ፍሬ፤ ሃያ እሽግ በቀን። እኔ የሳቅሁበት አሥር እሽግ የግማሽ ቀን መጠን ነበር። በዚያ ከፍተኛ መጠን ላይ አራት ሰዎች የጉበት ምርመራቸው ተዛብቶ መጠኑ ተቀነሰላቸው ወይም ቆመላቸው፤ ጉበታቸውም ተመለሰ። ይህ የሆነው ደማቸው በየጊዜው ይመረመር ስለነበር ነው። ከታማሚዎቹ መካከል ረዥም ዕድሜ ያገኙ ነበሩ። ነገር ግን ጥናቱ የተሠራው ሰውነት መድኃኒቱን መቻሉን ለማየት እንጂ ማዳኑን ለመለካት አይደለም፤ ጎን ለጎን የሚነጻጸር ወገን አልነበረውም። ሌላው ቢቀር ለሙከራ የሚመረጡ ሰዎች ከመጀመሪያው በመጠኑ ጠንካሮች ናቸው።

ከዚያ ሕንድ መጣ። ሙምባይ የሚገኘው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ዕጢያቸው ለተመለሰባቸው 88 ታማሚዎች ሜቤንዳዞልን ከሁለት የተለመዱ መድኃኒቶች ከአንዱ ጋር ሰጥቶ ነበር። አስቀድመው ያስቀመጡት ልክ ከዘጠኝ ወር በኋላ 55 በመቶው በሕይወት እንዲገኙ ነበር። በ2022 የወጣው ውጤት እዚያ አልደረሰም፤ በሁለቱም ወገን። ነገሩ እንደ ኮሶ ቢመርም መዋጥ አለበት፤ ሜቤንዳዞል የአንጎል ዕጢን እንደሚያድን ዛሬ ማስረጃ የለም። «ተረጋግጧል» የሚለው ውሸት ነው። «ሐኪሞች ደበቁት» የሚለውም ውሸት ነው፤ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ራሳቸው ባሳተሙት ላይ ነው።

ግን ደግሞ «የኢንተርኔት ወሬ ነው» ብዬ ያባረርሁበት ቃልም ውሸት ነበር። በአይጥ የታየው በሰው ካልታየ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ዕጢው ከተመለሰ በኋላ መጀመር ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፣ መጠኑ ሊሆን ይችላል፣ ክሪስታሉ ሊሆን ይችላል። ወይም በቀላሉ አይሠራ ይሆናል። ይህን የሚለየው ትልቅ፣ በዕጣ የተከፋፈለ፣ በደንብ የተጠበቀ ጥናት ብቻ ነው። ታዲያ ማን ይክፈልበት? ሜቤንዳዞል ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ፣ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ የቆየ፣ በሳንቲም የሚመረት ክኒን ነው። ትልቅ ኩባንያ መቶ ሚሊዮኖች አውጥቶ ቢያረጋግጥለት በማግሥቱ ሌላው ፋብሪካ በርካሽ ይሸጠዋል። የሚደብቀው የለም፤ የሚከፍልለትም የለም። የርካሽ መድኃኒት ዕጣ ይህ ነው። ሜዳው ባዶ ሲሆን ቴሌግራም ይገባበታል።

ኮሪያ ውስጥ በ2019 የሆነውን ተመልከቱ። አንድ አሜሪካዊ የውሻ የትል መድኃኒት ወስጄ ከካንሰር ዳንሁ ማለቱ በቪዲዮ ሲሠራጭ፣ ሰዉ ፌንቤንዳዞል ፍለጋ መድኃኒት ቤቶችን አጥለቀለቀ፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ እስኪያወጣ ድረስ። እኛ ዘንድ ደግሞ ፈላጊው ወደ ውሻ መድኃኒት መሄድ እንኳ የለበትም፤ ያለ ማዘዣ በየባንኮኒው አለ። አያቶቻችን ኮሶን እንኳ የጠጪውን አቅም ገምተው፣ ደካማውን አሳርፈው ነበር የሚያጠጡት። እኛ በታተመ እሽግ ውስጥ ሲሆን ያንን ጥንቃቄ እንረሳለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው።

ለጤና ሚኒስቴርና ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው፦ አንድ ገጽ ጻፉልን። ስለ ትል መድኃኒትና ስለ ካንሰር፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፤ የሚታወቀውን፣ ያልታወቀውን፣ አደገኛውን። «አትውሰዱ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ እኔ ያንን ብዬ ያገኘሁትን ነግሬአችኋለሁ። በዚያው ገጽ ላይ አንድ ነገር በደማቁ ይጻፍ፤ የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል፤ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበትን አነቃቅተው ሜቤንዳዞልን ከደም ያጠፉታል፤ ሲሜቲዲን የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል፤ ቅባት የበዛበት ምግብም እንዲሁ። ቤተሰቡ ይህን ካላወቀ ያልሠራ መስሎት በእጥፍ ይጨምራል። ቴሞዞሎማይድ መቅኔን ይደቁሳል፤ ሜቤንዳዞልም በከፍተኛ መጠን ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱ ሐኪም ሳያውቅ ከተገናኙ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ሲወርድ ሐኪሙ የሚቀንሰው የሚያውቀውን መድኃኒት ነው፤ ዕጢውን ሊረዳ የሚችለውን።

ለተቆጣጣሪው ብቻ ደግሞ፦ ገበያችን ላይ ያለውን ሜቤንዳዞል ክሪስታሉን መርምሩት። ብርቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን ሦስቱን መለየት ይቻላል። መጋዘን ውስጥ ስንት ወር እንደቆየ፣ በምን ሙቀት እንደቆየ ተመዝግቦ ይመርመር። ይህ ለካንሰር ብቻ አይደለም። ትልን በሚገባ የሚገድለውም ያው የሲ ዓይነት ነው፤ ኤ ብቻ የሆነ ክኒን ለትልም ደካማ ነው። በየዓመቱ ልጆቻችን የሚያኝኩት ምን እንደሆነ ማወቁ በራሱ ይበቃል።

ለሕክምና ትምህርት ቤቶች፦ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አዲስ አበባ ላይ ማሠልጠን ከጀመርን ቆይተናል፤ የጨረር ሕክምናም አገር ውስጥ ይሰጣል። ለብቻችን ትልቅ ጥናት እናካሂድ አልልም፤ ብንልም ታማሚው አይበቃንም። ግን ለእንደዚህ ዓይነቱ ርካሽ መድኃኒት ጥናት መክፈል ያለባቸው የሕዝብ ተቋማት ናቸው። ሕንድ ስትሞክር፣ ምሥራቅ አፍሪካ ስትሞክር፣ እኛም ታማሚዎቻችንን በሥርዓት መዝግበን አብረን መግባት እንችላለን። አሁንም ቢሆን ብዙ ሰው እየወሰደው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልዩነቱ ማንም የማይቆጥረው መሆኑ ነው። እንዲያውም ከዚህ የቀለለ ነገር አለ። የካንሰር ታማሚ ሲቀበሉ በሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ከታዘዘልዎ ሌላ ምን እየወሰዱ ነው?» ጥያቄው የወላጅ እንጂ የፖሊስ አይሁን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንላለን። መድኃኒቱን ለሸሸገ ሰው ግን ተረት የለንም፤ ምክንያቱም የሸሸገው እኛን ፈርቶ ነው።

ለፋርማሲ ባልደረቦቼ፦ አትሳቁ።

ያቺ እናት በጥቅምት ተመለሱ፤ የልጃቸውን ፌኒቶይን ለመግዛት። አወቅኋቸው፤ እሳቸው ግን የማያውቁኝ መሰሉ፤ ወይም አላወቅሁህም ሊሉኝ ፈለጉ። ወረፋው እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ከባንኮኒው ወጥቼ፣ አጠገባቸው ወዳለው ወንበር ሄጄ ተቀመጥሁ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብዬ «የትሉን ክኒን ይሰጡት ነበር?» አልኳቸው። «በቀን አሥር ፍሬ» አሉ። «ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት፤ በማር።» ሆስፒታል ነግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ። «ማን ጠይቆን? ብንናገርስ እንደ እርስዎ ቢቆጡንስ?»

አሥር ፍሬ ማለት 1,000 ሚሊግራም ነው፤ ሆፕኪንስ ከሞከረው ከፍተኛ መጠን አጠገብ እንኳ የማይደርስ፤ ከፌኒቶይን ጋር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዕጢውን ይረዳል ብዬ ማለት አልችልም፤ ጉበቱን አይነካም ብዬም አልምል። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ ለሐኪሙ በእጄ ጻፍሁ፤ «ታማሚው ከነሐሴ ጀምሮ ሜቤንዳዞል 100 ሚሊግራም በቀን 10 ፍሬ እየወሰደ ነው። ፌኒቶይንም አለ። እባክዎ የጉበት ምርመራና የደም ሕዋስ ቆጠራ ይታይለት። ቤተሰቡን አይቆጧቸው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ወረቀቷን አራት ላይ አጠፏት፤ ፌስታሉን ፈትተው ከስልኩ ጋር አደረጓትና መልሰው ጠቀለሉት።

ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ምርመራውን አዟል፤ ውጤቱ ሰኞ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ